በአውራ ጣቷ የሸፈነችው ቀን

ካሣነሽ ደብዳቤውን ፎቶ ስታነሣ ቀኑን በአውራ ጣቷ ሸፍናለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ተሳስታም አይደለም። ወረቀቱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፣ በቀኝ እጇ ስልኩን ያዘች፣ በግራ እጇ ወረቀቱ እንዳይታጠፍ የደገፈች መስላ ረጅሙን አውራ ጣቷን ከሆስፒታሉ ማኅተም አጠገብ፣ ቀንና ዓመቱ የተጻፈበት ላይ አጋደመችው። ሁለተኛውንም ገጽ አነሣችና ሁለቱን ወገዳ ላለው ወንድሟ ለይበልጣል ላከችለት። «ዛሬ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው፤ አንተም ሜሮንም ሳትውሉ ሳታድሩ ልባችሁን ታዩ» ብላ ጻፈችበት። ዛሬ! ደብዳቤው ከደረሳት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር።

አሁን ረፋድ ነው፤ በሆላንድ አራት ሰዓት፣ በእነሱ አምስት። ሰሜን ጫፍ ባለችው ነፋሻማ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወፍራሙን መጋረጃ ግራና ቀኝ ገጥማ ተጋድማለች። የአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች እንቅልፏ የቀን ነው፤ ዛሬ ግን የቀኑም እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። በመጋረጃው መጋጠሚያ አንዲት ቀጭን ብርሃን ገብታ ግድግዳው ላይ ቆማለች፤ ካሣነሽ እሷን እያየች የእነ ይበልጣልን መንገድ በሐሳቧ ትከተላለች። ትናንት በማለዳ ከወገዳ ተነሥተዋል፣ መካነ ኢየሱስ ላይ የይበልጣልን ልጅ ሜሮንንና አማቷን ይዘዋል፣ ደብረ ታቦር ምሳ በልተዋል፣ ባሕር ዳር አድረዋል፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ወረፋ ይዘዋል፤ አሁን ስማቸው ተጠርቶ ይሆናል፤ አሁን ይበልጣል ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ ያ ቀዝቃዛ ቅባት ደረቱ ላይ ፈስሶ፣ ሐኪሙ በመስታወቱ ውስጥ የልቡን በር ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ ይሆናል። ቅባቱን ታውቀዋለች። እሷም ተጋድማበታለች። ስልኩ ትራሷ ላይ ነው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታዋለች፣ በየደቂቃው አንሥታ ታየዋለች፤ ምንም የለም። ተኚ ካሣነሽ። እንዴት ብዬ ልተኛ?

ነገሩ የጀመረው በሥራ ቦታ ነበር፤ አንዲት ከባድ አሮጊት ከመታጠቢያ ወንበር ስታነሣ ትንፋሽ አጠራት፣ የሰፈሩ ሐኪም ደረቷን አዳመጠ፣ እንደገና አዳመጠ፣ ከዚያ ወረቀት ጻፈላት፤ ወረቀቱ ሌላ ወረቀት ወለደ፣ ያኛውም ሌላ፤ እዚህ አገር ሰው አይጠራሽም፣ ፖስታ ነው የሚጠራሽ። በመጨረሻ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ከመጠኑ በላይ ሰፍቷል ተባለች። ግድግዳው በተፈጥሮው ሳስቷል፤ ግፊት ሲበዛበት ይለጠጣል፣ ሳይታወቅ ከቆየ አንድ ቀን ይቀደዳል፤ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው፣ ክትትል አለው፣ ሲብስም ሳይቀደድ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ከዚያ የዘር በሽታ ሐኪሟ ዘንድ ላኳት፤ ወጣት ሴት ናት፣ ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ወረቀት ዘርግታለች፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቲቱን በክብ ትሥላለች፣ የሞተውን በሠረዝ ትሰርዘዋለች። የአማርኛ አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ፊቱን አይታው አታውቅም።

«አባትሽ በስንት ዓመታቸው ሞቱ?» ይላል የስልኩ ድምፅ።

«በአርባ አንድ።»

«በምን?»

«በመጋኛ።»

«እህቴ፣ መጋኛን ምን ብዬ ልተርጉምላቸው?»

«እኔ ምን አውቄ። ድንገት የሚመታ ነው በላት።»

«ማነው የሚመታው ብለው ቢጠይቁኝስ?»

ሳቀች ያን ዕለት፣ የት እንዳለች ረስታ ሳቀች። ሐኪሟም ሳይገባት አብራ ፈገግ አለች። ከዚያ፣ «እሺ፣ ሲታመሙ ምን ነበር ያሉት? የተናገሩትን ቃል ታስታውሺያለሽ?» አለቻት። ካሣነሽ ታስታውሳለች፤ ማን ይረሳል? አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የመድኃኔዓለም ዕለት ረፋድ ላይ፣ ታቦቱ ወጥቶ፣ ጸናጽሉን በቀኙ መቋሚያውን በግራው ይዞ ከመዘምራኑ ሁሉ በአንገት ልቆ ቆሞ ነበር፤ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከሴቶቹ መሀል ሆና ረጅሙን አባቷን እያየች ትኮራለች፤ በድንገት ጸናጽሉ ወደቀ። «ጀርባዬን ቀደደኝ» አለ። መቋሚያውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ፌጦ በሎሚ አምጡ ተባለ፣ ጠበል አምጡ ተባለ፣ «መጋኛ ነው፣ መጋኛ መታው» እየተባለ በነጠላ ተሸክመው አወጡት። ቤት አልደረሰም። ከአራት ዓመት በኋላ የአባቷ ወንድም አበጀ በጥር ገብስ ሲወቃ፣ መንሹን እንደያዘ፣ «ጀርባዬን በመጥረቢያ ፈለጠኝ» ብሎ አውድማው ላይ ተደፋ። አክስቷ ማንጠግቦሽ ከሁለቱም በፊት ናት፣ አራስ ቤት በሦስተኛው ቀን፣ ሕፃኑን አጥብታ ስታበቃ፤ አዋላጇ እስክታረጅ ድረስ ትናገረው ነበር፤ «በመሀል ጀርባዬ የሆነ ነገር ተተረተረ አለችኝ» እያለች።

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ሲጨርስ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አውራ ጣትሽን መዳፍሽ ውስጥ አስገብተሽ ጨብጪ» አለቻት። ካሣነሽ ጨበጠች፤ የአውራ ጣቷ ጫፍ በትንሿ ጣት በኩል አልፎ ብቅ አለ፤ ይህ ርዝመት የበሽታው ምልክት ነው አለቻት፤ እሷ የሰው ሁሉ ጣት እንዲህ ይመስላት ነበር። የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቤት ሰው ሁሉ ጎንበስ ሳይል በር አይገባም፤ ጣታቸው ረጅም ነው፣ ክንዳቸው ረጅም ነው፣ ታች ጋይንት ውስጥ «የነዚያ የመቃዎቹ ዘር» ይሏቸዋል፣ ሲያመሰግኗቸው ነው። «ስንት ትውልድ ታውቂያለሽ?» አለች ሐኪሟ፤ «ሰባት» አለች ካሣነሽ፤ አስተርጓሚውም ሰባት አለ፤ ሐኪሟ ሌላ ወረቀት በማጣበቂያ ቀጠለች። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ልጅ ሆና የተማረችው ነው፤ ከወንድም ከእህት፣ ከአጎት ከአክስት፣ ማን ከማን ወረደ፣ ማን ለማን አይደርስም፤ እዚያ ሰው ሳይጋባ የሚቆጠረው ዘር እዚህ በአራት ማዕዘንና በክብ ተሣለ። ሠረዞቹ በአንድ መስመር ሲወርዱ አየች። አየችው! መጋኛው መንገድ ነበረው።

«ይህ ደብዳቤ» አለቻት ሐኪሟ በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ሁለቱን ገጽ በእንግሊዝኛ አስጽፋ ስትሰጣት፣ «የአንቺ አይደለም። የዘመዶችሽ ነው። አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ስለዚህ እስኪታዩ ድረስ ማንኛቸውም ነፃ አይደሉም። ከአንቺ በቀር የሚነግራቸው የለም።» ካሣነሽ ራሷን ነቀነቀች። እሺ አለች። እሺ ብላ ወጣች።

ያን ሳምንት ነው ይበልጣል የደወለው። ወገዳ አስተማሪ ነው፤ ስልክ ላይም ክፍል ውስጥ እንዳለ ነው የሚጮኸው። «እታለም! ሽማግሌ መጣብን! ሜሮንን ከመካነ ኢየሱስ ጠየቋት፤ የቄስ አድማሱ ልጅ፣ ናትናኤል የሚባል፣ ጤና ረዳት ነው፣ እሷም ወዳዋለች መሰለኝ፣ ስትስቅ ነው የምትውል። ሰባት ቤት ቆጠርን፣ አንደራረስም። አሁን የቀራቸው የዘራችንን ደኅንነት መጠየቅ ነው፤ ምን እንላቸዋለን፣ የለብንም እንላለን እንጂ!» ብሎ ሣቀ። የዘር ደኅንነት። ካሣነሽ ስልኩን ይዛ ቆመች፤ ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ገና አልታጠፈም።

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሥራ ስምንት ዓመቷ ሳለ ከአርብ ገበያ ለአንድ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ልጁን በአርብ በአርቡ ገበያ ላይ ታየው ነበር፣ አህያውን ጭኖ ሲመጣ ከሩቅ ይስቅላት ነበር፤ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ ደጅ ላይ ቆመው፣ ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «ልጅቱ ምን ይወጣላታል፤ ቤቱን ግን መጋኛ ያዘወትረዋል» ብለው ለእናቷ ተናገሩ። ውስጥ ሆና ሰማች። ከዚያ በኋላ ነው አገር ያስጠላት፤ አዲስ አበባ፣ ቤሩት፣ ባሕር፣ ካምፕ፣ ሆላንድ፣ ሁሉም የመጣው ከዚያች ደጃፍ ነው። ሜሮን ግን፤ ስትስቅ የምትውለዋ ሜሮን፤ አክስቷ በላከችው ወረቀት ምክንያት ያንን ቃል ከበር ኋላ ቆማ ትስማ? አይሆንም። ከሠርጉ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች። ደብዳቤውን አጥፋ በዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ከተተችው፣ ጸሎት ስታደርስ ዳዊቷን ታወጣለች፣ ደብዳቤው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ አላየሁህም፣ አላየኸኝም።

ሠርጉ አለፈ፤ ለሙሽሮች ይህ አይነገርም፣ ቅልቅሉ ይለፍ አለች። ቅልቅሉ አለፈ፤ ነሐሴ ላይ ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ወራት ስልክ አልገባም፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት። ሲመለስም ለአፍታ ነው፣ እህል አለ ወይ፣ ሰላም ናችሁ ወይ፣ በዚህ መሀል ስለ ደም ሥር ይወራል? እሷ ግን ኪኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፣ በየዓመቱ ትለካለች፣ አልጨመረም ስትባል ከሆስፒታሉ ወጥታ ብስክሌቷን በቀይ መንገዱ ላይ ታሽከረክራለች፣ አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ከአባቷ በዕድሜ በልጣዋለች፤ ይበልጣል ደግሞ አርባ ስምንት ዓመቱ፣ ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጠረጴዛና ወንበር ሲሸከም ይውላል፤ ፎቶውን ይልክላታል፣ ሦስት ወንበር በአንድ ትከሻ፤ «አረጀ ያላችሁኝ የታላችሁ» ብሎ ጽፎበት። እሷም የሣቀ ፊት ትልክለታለች። የሣቀ ፊት!

ከዚያ ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት ሜሮን ደወለች። «አክስቴ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአባዬም፤ ለአንቺ ነው በመጀመሪያ። ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ።» እልል አለች ካሣነሽ፣ እልል ስትል ግን ዓይኗ ላይ የመጣችባት ማንጠግቦሽ ናት፣ በሦስተኛው ቀን፣ አጥብታ ስታበቃ። እርግዝና ይህንን ደም ሥር ያስጨንቀዋል፤ ደብዳቤው ላይ አለ፣ ሁለተኛው ገጽ፣ አራተኛው መስመር። ስልኩን ዘጋች፣ ማኅደሩን ከፈተች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፤ አውራ ጣቷንም አጋደመች። እውነቱን ለመናገር በወሰነችባት በዚያችው ደቂቃ እንኳ ዋሸች። ከዚያ ሦስት ቀን መልስ አልመጣም። ኔትወርክ ነው አለች። በአራተኛው ቀን፣ «ቀጠሮ ይዘናል» የሚል መልእክት ብቻ መጣ፤ «እታለም» የለበትም፣ ቀልድ የለበትም።

ስልኩ ጮኸ።

ከአልጋው ላይ ተስፈንጥራ ተነሣች። «ሃሎ! ወንድም ዓለም!»

«ተኝተሽ ነበር?»

«አይ፣ አልተኛሁም፤ ንገረኝ፣ የሜሮንን ንገረኝ፣ የሜሮንን አስቀድም!»

«አንቺ ሴትዮ ትንፋሽ አውጪ። የሜሮን ደህና ነው። መጠኑ ልክ ነው አለ ሐኪሙ። አንዴ ደህና ነው ማለት ጨርሶ የለባትም ማለት አይደለም፣ እስክትወልድ በየሁለት በየሦስት ወሩ ትታያለች፣ ከወለደችም በኋላ፤ መውለጃዋም እዚሁ ባሕር ዳር ይሁን ብሏል፣ አራስ ቤት ብቻዋን የምትቀር ማንጠግቦሽ የለችም። ይኸው፣ ስልኩን እየነጠቀችኝ ነው።»

«አክስቴ! የልጄን ልብ ሰማሁት እኮ! እንደ ፈረስ ነው የሚጋልበው!»

ካሣነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ፈረስ? ፈረስ?» ትላለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች፤ ሜሮንም ወዲያ ማዶ ትስቃለች።

«የእኔን አትጠይቂም?» ይበልጣል ተመለሰ። «የእኔ ሰፍቷል። አራት ነጥብ አምስት ሳንቲ ሜትር። የአንቺ ስንት ነው?»

«አራት ነጥብ ሁለት።»

«በለጥኩሽ! ስሜንስ ማን አወጣልኝ መሰለሽ?» ሣቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ከእንግዲህ ወንበር የሚሸከም ሌላ ይፈልጉ። አምስት ከደረሰ ቀዶ ሕክምና እንነጋገራለን አለኝ፤ በጊዜ ነው የመጣኸው አለኝ።»

በጊዜ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፣ ያቺ ብርሃን ከግድግዳው ወርዳ እግሯ ላይ ደርሳለች። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም። «ወንድም ዓለም፣ ደብዳቤው… የዚያን ቀን አልነበረም የደረሰኝ።»

ከበስተኋላው የወረፋ ስም ሲጠራ ይሰማል።

«አውቃለሁ» አለ። «ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይም ቀኑ አለ። ሁለት አውራ ጣት እያለሽ ለሁለት ገጽ አንዱን ብቻ ተጠቀምሽ? ሐኪሙ ደግሞ ምን አለ መሰለሽ፤ ፎቶውን ሳሳየው ጽሑፉን ትቶ፣ ‘ይህ ጣት የማን ነው?’ አለኝ። የእህቴ ነው አልኩት። ‘ደብዳቤውን ባላነበው እንኳ ይህን ጣት ዐይቼ እመረምራችሁ ነበር’ አለ። የደበቅሽበት ጣት ነው ያወጣብሽ።»

አልሣቀም። እሷም አልሣቀችም።

«እነዚያን ሦስት ቀን ኔትወርክ መስሎሽ ነበር? እኔ ነኝ የጠፋሁት። ብናገርሽ የማይሆን ነገር እናገር ነበር። ሁለት ዓመት፣ ካሣነሽ! እኔ ወንበር ስሸከም!»

«ሽማግሌ የመጣ ሳምንት ነበር። ሜሮንን እንዳይተዋት ብዬ፤ እንደኔ እንዳትሆን…» ስልኩ እጅ ለወጠ፣ ጉሮሮ የሚጠርግ ሌላ ድምፅ መጣ፣ የሽማግሌ ድምፅ።

«ልጄ ካሣነሽ፣ አድማሱ ነኝ፣ የናትናኤል አባት።»

«አባቴ፣ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ፤ እኔ ነኝ የደበቅሁዎት…»

«ቆይ፣ ቆይ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ስንመጣ ስም ብቻ የቆጠርን መሰለሽ? መሪጌታ በመድኃኔዓለም፣ አበጀ በአውድማው፣ ማንጠግቦሽ በአራስነቷ፤ ይህን የማያውቅ እስቴ ውስጥ የለም። ቤቱን መጋኛ እንደሚመታው ዐውቀን ነው የመጣነው። ልጅቱን ወደድናት፣ ወሰድናት። የማናውቀው፣ መጋኛው ኪኒን እንዳለው ነው።»

ዐውቀው ነበር። ዐውቀው ወስደዋታል። የሸሸገችው ሁሉ እነሱ ደጃፍ ላይ እንደ እህል ተሰጥቶ የዋለ ነበር፤ እሷ የደበቀችባቸው በሽታውን አልነበረም፣ መዳኛውን ነው። ይህን ራሷ ለራሷ አለችው፣ ማንም አላላትም።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ስትፈራው የኖረችውን። «በእነዚህ ዓመታት፣ ከእኛ ዘር… ጀርባዬን ብሎ የሞተ አለ?»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማች። «ደብተር ይዤልሻለሁ። ከይበልጣል ጋር እንደገና ቆጥረነዋል፣ ለጋብቻ እንደሚቆጠረው፤ አያትሽ ይርጋ ዘንድ ወጥተን ከዚያ ወርደን። ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳ ሃያ ሦስት ሰው ነው መታየት ያለበት። አንድ በአንድ ጠይቀናል። ሁሉም አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ፤ የእኛ ዘር ባይሆንም ጀርባዬን ቀደደኝ ብሎ የሞተ ያለበት ቤት ሁሉ ይስማ።»

ሁሉም አሉ። ካሣነሽ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች። እንደዚህ ያለ ትንፋሽ ከውስጧ ወጥቶ አያውቅም፤ ደረቷ ባዶ ቤት ሆነ፣ የተጠረገ፣ በሩ የተከፈተ። ሃያ ሦስቱም ያርሳሉ፣ ያስተምራሉ፣ ያጠባሉ፣ ይጣላሉ። ሁሉም አሉ።

ይበልጣል ስልኩን መልሶ ወሰደ። «እታለም» አለ፤ ተመለሰች ያቺ ቃል። «እኔ ስለራሴና ስለ ሜሮን ይቅር ብዬሻለሁ። ስለ ሌሎቹ ግን እኔ ምን አግብቶኝ ይቅር እላለሁ? ሃያ ሦስቱን አንቺው ጠይቂያቸው። ደብዳቤውንም እንደገና ላኪልኝ፤ ለሁሉም አባዝቼ አድላለሁ። እጅሽን ሰብስበሽ አንሺው!»

ስልኩ ሲዘጋ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችው፤ ቀኑ ሙሉውን ገባ። ወረቀቱን መስኮቱ ሥር ዘረጋች፣ አራቱን ማዕዘን በአራት ሲኒ አስያዘችው፣ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ቆመችና አየችው፤ ቀኑ ጥርት ብሎ ይነበባል። አንሥታ ላከችው። ከዚያ ተጋደመች፣ መጋረጃው እንደተከፈተ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ፤ ተኛች።

እንቅልፏን ስትጠግብ ይህን ታሪክ ጻፈች፤ ከሃያ ሦስቱ ስልክ የማይደርሳቸው ስላሉ፣ ስማቸውን የማታውቃቸው ቤቶችም ስላሉ። ይህን የምታነቡት ምናልባት ከእነሱ አንዱ ትሆናላችሁ። በቤታችሁ በጎልማሳነቱ «ጀርባዬን፣ ደረቴን ቀደደኝ» ብሎ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ታሪኩን ለሐኪም ንገሩ፤ ልባችሁን ታዩ። ካሣነሽ ይህን ልትነግራችሁ የሚገባት ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነበር፤ ዘግይታለች። ይቅር በሏት።